ሰይድ ዞሮ ያየን ቀን

መካነ ሰላም መጥታችሁ «አስፋው ሲኒማ የት ነው?» ብትሉ ሱቄ ድረስ የሚያደርሳችሁ ሰው አታጡም። ሲኒማ ቤት ኖሮኝ አይደለም። የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ ነኝ። ቅጽል ስሙን ያተረፍኩት ከደርግ ጦር ነው። ሌላው መትረየስ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ እኔ ፕሮጀክተር ተሸክሜ እወጣ ነበር። ከምሽጉ ጀርባ አንሶላ እወጥርና ጄኔሬተር አስነስቼ ለወታደሩ ፊልም አሳያለሁ። ሥራ ነው እንግዲህ፣ ምን ታደርጉታላችሁ!

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊልም የሚያሳይ ሰው ፊልሙን አያይም። ደጋግሞ ስላሳየው ሰልችቶታል። ከማሽኑ ጎን ይቆምና የሚያየው ተመልካቹን ነው። ከአንሶላው የሚመለሰው ብርሃን ልጆቹ ፊት ላይ ያርፋል፤ ሲስቁ አያለሁ፣ አገራቸው ትዝ ሲላቸው አያለሁ። በሌላ ጊዜ እዚያው ቦታ ስመለስ ያው ድንጋይ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦ አገኛለሁ። የፊተኛው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ፊቶቹ ግን ተከትለውኝ አገሬ ድረስ መጡ።

የመጣሁትም እንደ ሰው አይደለም። ጦሩ ሲበተን በሱዳን በኩል ዞሬ፣ ታምሜ፣ ለምኜ፣ የተረፈው ሁሉ ቤቱ ከገባ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የገባሁት። ለካ እኔ ሞቻለሁ! «አስፋው የነበረበት ክፍል አንድም ሰው አልተረፈ» ተብሎ ለእናቴ መርዶ ተነግሯታል። ተለቅሶልኛል፣ ተዝካሬም ተበልቷል። እናቴ ከዚያ ሐዘን አልተነሳችም። እኔ ስደርስ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት። ጎረቤቱ እኔን ሲያይ እልል ይበል ወይስ ያልቅስ ግራ ገባው፤ አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ ሮጠ። በዚያ ሁሉ ትርምስ እናትህ ሞታለች ብሎ አስቀምጦ የነገረኝ ሰው የለም። የነገረኝ ቁልፉ ነው።

አላለቀስኩም። እንዴት ላልቅስ? እኔን አልቅሳ የሞተችን ሴት እኔ በቁሜ ላልቅሳት? ሱቅ ከፍቼ ሬዲዮ መጠገን ጀመርኩ። ፕሮጀክተር የሚባል ነገር ግን ሁለተኛ እጄ አይነካውም ብዬ ማልኩ።

ከዚያ ወዲህ ለከተማው እናቶች ጉድ ሆንኩላቸው። ልጃቸው ከዘመቻ ያልተመለሰ ሁሉ ገበያ ውስጥ ያስቆሙኛል። ክንዴን ይዘው ይዳስሱኛል፤ ወላሂ፣ ሥጋ መሆኔን ሊያረጋግጡ ነው። «አስፋው ተለቅሶለት መጥቶ የለም እንዴ!» ይባባላሉ። «የኔንስ አላየኸውም?» ሲሉኝ የምመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ «ሱዳን ገብቶ ይሆናል እትዬ፣ አብሽሩ።» ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነበር። ምን ይባላል ሌላ?

ከሁሉም የባሱት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ነበሩ። ልጃቸው ሰይድ ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው የጠፋው ገና ደርግ ሳይወድቅ ነው። ኢሕአዴግ ገብቶ ዓመታት ሲያልፉ ሌሎቹ ቤተሰቦች አንድ በአንድ ሐዘናቸውን ተቀመጡ፤ እትዬ ዘሀራ አሻፈረኝ አሉ። ይባስ ብለው በራቸውን ሳይዘጉ ማደር ልማዳቸው ሆነ። የኛን ደጋ ብርድ ለምታውቁ፣ ጅብ ደጅ እያላዘነ በር ገርበብ አድርጎ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ደረታቸው በሳል አለቀ። ሰው ሲቆጣቸው «መጥቶ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?» ይላሉ። ወንድማቸው ሸህ ይማም «ለልጅሽ ዱዓ እናድርግለት፣ አትከልክዪው» ብለው ሲለምኑ ደግሞ መልሳቸው እኔ ነበርኩ። «የአስፋውን እናት አላየህም? ያልሞተ ልጅ አልቅሳ ራሷ ሞተች።»

ይህን በአጥር ላይ ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ልጃቸው ፋጡማ ሱቄ መጣች። ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ለአጭር ጊዜ የመጣች ናት። የታቀፈችውን የቆርቆሮ ሳጥን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ አስፋው፣ የዚህን ሙያ አንተ ነህ የምታውቀው አሉኝ።»

ክዳኑን ብድግ አደረግኩት። ፕሮጀክተር ነው። እንደ ጦር ሜዳው ግዙፍ አይደለም፤ ፈረንጆች ሳሎናቸው ተቀምጠው የልጆቻቸውን ልደት የሚያዩበት፣ ከስፌት መኪና የምታንስ ዕቃ ናት።

«ይሄን ከየት አመጣችሁት?»

«የሰይድ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መጠለያው ውስጥ ለአንዲት ፈረንጅ ነርስ ያስተረጉም አልነበር? በትንሽ ካሜራ ፊልም ታነሳ ነበር። አገሯ ስትመለስ እሱ ያለበትን ፊልም ከነማሽኑ ሰጠችው። እማ ቆጥ ላይ ሸሽጋው ነው የኖረች፤ እኔ እንኳ አላውቅም።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን አወጡት?»

ፋጡማ የሳጥኑን አቧራ በጣቷ ጠረገች።

«መልኩ ጠፋብኝ አለች፣ ጋሼ። አንድ ፎቶ የለንም። ዓይኗም እየደከመ ነው። ‹ሰይድ መጥቶ ደጄ ቢቆም የሰው ልጅ ነው ብዬ አሳልፈዋለሁ› ትላለች። መንገደኛ ሁሉ ላይ እየሄደች ታፈጣለች፤ ሰው ይስቅባታል። እኔ ደግሞ ተመልሼ መሄጃዬ ደርሷል። አንዴ ብቻ ፊቱን አሳይልኝ። በሞቴ።»

«አልችልም» አልኩ። «ሌላ የፈለግሽውን አምጪ፣ ይሄን ግን አልነካም።»

አልተከራከረችኝም። ክዳኑን መልሳ ሳጥኑን ስታነሳው ከውስጡ የተሰበረ መስታወት ሲንኳኳ ሰማሁ። ጠጋኝነት እንደ ሱስ ነው፣ እመኑኝ።

«ቆይ እስቲ! ምኑ ነው እንዲህ የሚንኳኳው?» አልኩ፤ እጄ ከኔ ቀድሞ ሳጥኑን ተቀብሏታል።

ስከፍተው ጉድ ነው። ሞተሩን ከመዘውሮቹ ጋር የሚያገናኘው የላስቲክ ቀበቶ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ብረቱ ላይ ተለጥፏል። አምፖሉ ሞቷል። የሚንኳኳው ደግሞ በአምፖሉና በፊልሙ መካከል ቆማ ሙቀቱን የምትከለክል ትንሽ መስታወት ናት፤ ደቃለች። ቀበቶውን በቢላ ፍቄ በቤንዚን አጠብኩና ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቀጭን አድርጌ በመቀስ ቆርጬ ሌላ ሠራሁለት። ለአምፖሉ ወደ ከላላ ከተማ የሚመላለስ አንድ የላንድክሩዘር ሹፌር የፊት መብራቱን መለዋወጫ ሰጠኝ፤ እሱን አሰርኩበትና በመኪና ባትሪ እንዲበራ አደረግኩ። መስታወቷን ግን ከየት ላምጣ? የመስኮት መስታወት ቆርጬ ባስገባ በሙቀቱ ተንጣጣ። ሁለተኛም አስገባሁ፣ እሱም ተንጣጣ። «አንተ የሰይጣን ቁራጭ!» ብዬ ማሽኑን ሰደብኩት። ያለ መስታወቷ መሥራት ይሠራል፤ ጣጣው ሌላ ነው።

ጣጣውን ለፋጡማ አሳየኋት። ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁትን ምስል የሌለበት የፊልም ቁራጭ አስገባሁና ማሽኑን አስነሳሁ። ፊልሙ እየሮጠ እያለ ምንም አልሆነ። ሞተሩን ሳቆመው ግን «ዋ!» ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጠንም፤ መብራቱ ፊት የቆመው ቦታ ቡናማ ሆነ፣ አረፋ አወጣ፣ ተበሳ።

«አየሽ? እየሄደ ከሆነ ደህና ነው። ከቆመ ይቃጠላል። ደግሞ ፊልም ሲያረጅ ይሰበራል፤ አንዴ ካለፈልን እሰየው ነው። ሁለተኛ እናያለን ብላችሁ አትመኑ።»

«አንዴ ይበቃል» አለች። «ፊልሙን ግን ቤት መጥተህ ነው የምታየው። እማ ከደጃፍ አይወጣም ብላለች።»

ከመጣሁ ወዲህ የእትዬ ዘሀራን ደፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። እናቴ የተቀመጠችበት፣ ያለቀሰችበት ቤት ነው፤ ብቸኛ ስለነበረች ሐዘኗን የተቀመጠችው እነሱ ዘንድ ነው አሉ። ስገባ እትዬ ዘሀራ መደብ ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። እንዝርቱ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ በመዳፋቸው ቀጥ ያደርጉታል፤ ክሩን ጠቅልለው እንደገና ያሽከረክሩታል። እጃቸውን አያዩትም፤ የሚያዩት እኔን ነበር።

«መጣህ?» አሉ። «ሥጋ ነህ አይደል? ና እስቲ ቅረብ።»

እንደ ገበያው ሴቶች ክንዴን ዳሰሱኝ። ከዚያ ከራስጌያቸው የቆዳ ከረጢት አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት። ገና አፉን ስፈታው የከረመ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር በቅቤ ተለውሷል።

«እትዬ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነዋ። እሱ በሄደ በዓመቱ ሳወጣው ድርቅ ብሎ አገኘሁት። ጠፍርስ ሲደርቅ በምን ይታሻል? በየዓመቱ አሸዋለሁ።»

«ፊልም እኮ ነው እንጂ ጠፍር ነው እንዴ!»

«አልተሰበረማ!» አሉ፣ ተቆጥተው። «የሚሰበር ያልታሸ ነው። ካላመንክ ጎትተው።»

ጎተትኩት። እውነትም አልተሰበረም። ልሳቅ ልናደድ አላወቅኩም። በለስላሳ ጨርቅ ላይ ቤንዚን እያንጠባጠብኩ ቅቤውን ክንድ በክንድ ጠረግኩ። እሳት ተከለከለ፣ ቀኑን ሙሉ ምድጃው ጠፍቶ ዋለ። ፊልሙን ወደ ብርሃን ከፍ ሳደርገው ጥፍር የምታህል ምስል ውስጥ ጥላ መሳይ ሰዎች ይታያሉ። ማን ማን እንደሆነ አይለይም። እትዬ ዘሀራ ደጋግመው «እሱን አየኸው? መልኩ ምን ይመስላል?» ይሉኛል። «ገና ነው እትዬ» እላለሁ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ቤቱን አጨለምነው። ፋጡማ መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቀለች፤ ሸህ ይማም በሩን ዘጉ። ያ በር ሲዘጋ እትዬ ዘሀራ ደንገጥ ብለው «ለጥቂት ነው አይደል?» አሉ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርኩ፣ ከቪዲዮ ቤቱ የተዋስነው ጄኔሬተር ደጅ ሆኖ ያጓራል። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ማሽኑን መደቡ ጫፍ ሳጥን ላይ አኖርኩት፤ እትዬ ዘሀራ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ፊልሙ የተጠቀለለበት መዘውር ከቀኝ እጃቸው አጠገብ ነው።

«እትዬ፣ አደራ፣ ፊልሙን እንዳይነኩ። ከቆመ ይቃጠላል።»

«እሺ ልጄ። የኔ እጅ ምን አግብቶት።»

ሸህ ይማም ማዶ ሆነው መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ «ያ ረቢ» ይላሉ። የባትሪውን ሽቦ አገናኘሁ። ሞተሩን ለቀቅኩት። ያ ድምፅ! ጠ-ጠ-ጠ-ጠ የሚለው! ምሽጉ፣ ድንጋዩ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም እዚያች ቤት ውስጥ ገብተው ጨለማው ውስጥ የተቀመጡ መሰለኝ። ያው የድሮ ልማዴም ተመለሰ። አንሶላውን ሳይሆን እትዬ ዘሀራን አየሁ።

አንሶላው ላይ ምን እንዳለ ያወቅኩት ከነሱ አፍ ነው። «ድንኳኖቹ ናቸው» አለች ፋጡማ። «የዱቄት ወረፋው... ያ አህያ...» ሙቀቱ የተረፈውን ቅቤ ሲነካው ቤቱን ሽታው ሞላው። ከዚያ እትዬ ዘሀራ ወደ አንሶላው ጠቆሙ።

«እሱ ነው!»

«የቱ?» አሉ ሸህ ይማም።

«ጆንያ የተሸከመው! ጀርባውን የሰጠን! አረማመዱን አታየውም? ግራ እግሩን ወጣ አድርጎ!»

ፋጡማ ማልቀስ ጀመረች። ሰይድ እየሄደ ነው፤ ጆንያውን ያወርዳል፣ ሌላ ያነሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ሁልጊዜ ጀርባውን ነው የሚሰጠን። እትዬ ዘሀራ ወደ ፊት አዘነበሉ። «ዙር በለው! አስፋው፣ ዙር በለው!» ይሉኛል፤ እኔ ላዞረው የምችል ይመስል። ላይኛው መዘውር እየሳሳ መጣ። ጌታዬ፣ ሳይዞር ሊያልቅ ነው እንዴ? ቅቤው፣ ከመነዳሪው፣ ልፋቱ ሁሉ ለጀርባው ሊሆን ነው? እኔም አልኩ፣ በሆዴ፣ እባክህ ዙር።

ዞረ።

ዞረ የምለው ፊታቸው ስለነገረኝ ነው። ያ የደረቀ፣ ዓመታት ሙሉ በር በር ሲያይ የኖረ ፊት ድንገት የሌላ ሴት ፊት ሆነ። ወጣት ሆኑ፣ ወላሂ። አፋቸው ተከፈተ። «ሰይዴ» አሉ ቀስ ብለው፣ ከማዕድ ቤት ሆነው ልጅ እንደሚጠሩ። እኔ ከሳቸው ፊት ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ቁም!» ብለው ጮኹ። «ቁም ልጄ፣ አትሂድብኝ!»

ቀኝ እጃቸው ወረደና መዘውሩን በመዳፋቸው ቀጥ አደረገው። ልክ እንደ እንዝርቱ።

የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ድምፁን አውቄዋለሁ፤ እጄ ሽቦው ላይ ነበር፤ ግን ዓይኔ እሳቸው ላይ ነበርና ዘገየሁ። ሽቦውን በጥሼ ቀና ስል አንሶላው ላይ የደረስኩት ለመጨረሻው ነው። ትከሻ አለ፣ የሸሚዝ ኮሌታ አለ። ፊቱ ሊሆን የሚገባው ቦታ ቡናማ ሆኖ እየፈላ ወደ ዳር ሲሰፋ አየሁ። ከዚያ ጨለማ። ከዚያ የተቃጠለ ቅቤ ሽታ።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ ሸህ ይማም። ፋጡማ ጋቢውን ከመስኮቱ ገንጥላ ጣለችው፤ ብርሃኑ ሲገባ እናትየው እጃቸው አሁንም መዘውሩን እንደያዘ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «የኔ ጥፋት ነው... የተቃጠለችው ትንሽ ናት። እሷን ቆርጬ እቀጥለዋለሁ፣ የቀረው ደህና ነው...»

«አየሁት» አሉ።

ሸህ ይማም መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ሳቀልኝ። የፊት ጥርሱ ላይ ክፍተት ነበረችው፤ ረስቻት ነበር። አየኋት።» መዘውሩን ለቀቁና መዳፋቸውን ተመለከቱ። «ቁም አልኩት፣ እሱ ሄደ። በእሳት ሄደ።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አስፋው፣ አንተ እዚያ ነበርክ። እንዲህ ነው የሄዱት?»

ሱዳን የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አብሽሩ እትዬ፣ ሱዳን ገብቶ ይሆናል። ያን ሁሉ ጊዜ ያለችግር ይወጣልኝ የነበረ ቃል ነው። እሳቸው ግን ዓይኔን ይዘውኛል፤ ከጀርባቸው ደግሞ ያ ሁሉ የድንጋይ ላይ ልጅ የኔን መልስ የሚጠብቅ መሰለኝ።

«አዎ እትዬ» አልኩ። «ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሄዱት።»

ፋጡማ «እማ!» ብላ ልታቅፋቸው ስትሮጥ በእጃቸው አስቆሟት።

«ዛሬ አይለቀስም። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር። ይማሜ፣ ነገ ማለዳ ሰው ይዘህ ና፣ እንደ ወጉ ንገሩኝ።» ትንሽ አሰብ አደረጉና «የሚነግረኝ ግን አስፋው ይሁን» አሉ።

ሸህ ይማም፣ ያ ስንት ዓመት ዱዓ እናድርግ እያሉ የለመኑ ሰው፣ በጥምጥማቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ።

ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ከብት ወደ ቤት እየገባ ነው። አጥሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ እንጨት ሲንፏቀቅ ሰማሁ። የበሩ መወርወሪያ ነው። ስንት ዓመት ሳይነካ ቆይቶ አብጧልና እምቢ ይላል፤ እሳቸው ይገፋሉ፣ እሱ ይይዛል። በመጨረሻ ገባ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ፕሮጀክተሩ ክንዴ ላይ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበር።

በማለዳው ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፋቸው ላይ ተሰበሰበ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። እጁን ወደ በሩ የሰነዘረ ግን አልነበረም። ለካ የዚያን በር ማንኳኳት የለመደ ሰው የለም! ሸህ ይማም «አንኳኳ» ብለው ጎሸም አደረጉኝ።

አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ፣ አስፋው።»

ከፈቱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ሁሉን ያውቃሉ፤ ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ «እትዬ ዘሀራ፣ ሰይድ ሞቷል» ስላቸው የጮኹት ጩኸት ገና ዛሬ የሰማ ሰው ጩኸት ነበር። ከተማው ተሰነጠቀ።

ሰው ለሰላት ሲወጣ እኔም ልሄድ ተነሳሁ። ከመደቡ ሆነው ጠሩኝ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ።

«ወዴት ነው? ና ቁጭ በል። እዚች ነው እናትህ የተቀመጠች።»

ከአጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ተቀመጥኩ። ያ መዘውሩን ያስቆመ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አንተ የኔን ነገርከኝ። ያንተን ደግሞ ማን ነገረህ? ማንም። እኔ ልንገርህ።» ጠጋ አሉኝ። «አስፋው፣ እናትህ ሞታለች።»

ታዲያ የማላውቀው ነገር ነበር? መቃብሯን ስንቴ አይቼው የለ? ግን ወገኖቼ፣ ከሰው አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። መሬት ላይ ተደፋሁ። ምን እያልኩ እንዳለቀስኩ አላስታውስም፤ ድምፄ ደጅ ድረስ ተሰምቷል አሉ። የሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ የራሴን እናት አለቀስኩ። እትዬ ዘሀራም ልጃቸውን ትተው ለኔ እናት አለቀሱ።

ይህን የማወራችሁ የሚጠብቅ ሰው በየቤታችሁ ሊኖር ስለሚችል ነው። በር ዝጉ፣ ወይም ክፈቱ ብዬ የምመክር ሰው አይደለሁም፤ ተለቅሶልኝ የመጣሁ እኔ ምን አፍ አለኝ? ግን ገበያ ላይ ክንዴን ይዘው ሲጠይቁኝ «ሱዳን ይሆናል» ማለት ትቻለሁ። ያየሁትን ካየሁ ያየሁትን እናገራለሁ። ካላየሁ «አላየሁትም፣ ግን ብዙዎቹ አልቀዋል» እላለሁ። የሚሰድበኝ አለ። አንዳንዷ ደግሞ እቅፍ አድርጋኝ ቁጭ ትላለች።

እትዬ ዘሀራ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሩ። ሳሉም ተዋቸው። ፊልሙን እንዳልቀጥለው ከለከሉኝ፤ በከረጢቱ መልሰው አኖሩት፤ ቅቤ ግን ሁለተኛ አልቀቡትም። ማሽኑን ለኔ ሰጡኝ። ቀበቶውን እቀይርለታለሁ፣ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ያለ ፊልም አስነስቼ ነጩን ብርሃን ግድግዳው ላይ አያለሁ።

እዚያች ቤት ውስጥ ከነበርነው መካከል የሰይድን ፊት ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የድንጋዩ ልጆች ፊታቸው እየደበዘዘ መጥቷል፤ ዓይኔን ስጨፍን አሁን አንድ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ትከሻና ኮሌታ ያለው፣ ፊቱ ነጭ ብርሃን የሆነ። እሱን አልፈራውም። እናቱ አይታዋለች።